የአይሱዙው ሹፌር ያላመነኝ ነገር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እህቴም ልጇም ዛሬ ደህና ናቸው፤ ታሪኩን የሰማ ሁሉ “ታዲያ ምን ያብሰለስልሻል?” ይለኛል። የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ደግ ሰው የሆነ ቦታ ሆኖ “ያቺ ሴትዮ አታለለችኝ” እያለ የሚያስበኝ ይመስለኛል። እኔ ደግሞ አላታለልኩትም።

ሮቤ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛነው አምሮን አልነበረም። የነዳጅ መኪና ከውጭ ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዎቹ እንኳን የማይቀመሱ ሆኑ። ለኤሌክትሪኳ ቀረጡም ይቀላል ተባለ። ቤንዚን ፍለጋ መሰለፉም ሰልችቶን ስለነበር ባለቤቴ አዲስ አበባ ሄዶ አንዲት ነጭ የቻይና መኪና ይዞ መጣ። ከሮቤ ጎባ፣ ከሮቤ ዲንሾ ስመላለስባት አንድም ቀን አላስቸገረችኝም። አንድ ነገር ብቻ ነበር። ከውስጧ በድምፅ የምታስጠነቅቀው ሴትዮ የምትናገረው በቻይንኛ ነው። ምን እንደምትል የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እኛም ለመድናትና ዝም ብለን እንሰማት ነበር።

ታናሽ እህቴ ነጃት ያገባችው ደሎ መና ነው። የመጀመሪያ ልጇን የወለደችው በኦፕሬሽን ስለነበር፣ ሁለተኛውን ስታረግዝ ሐኪሞቹ “ቀንሽ ሳይደርስ ወደ ጎባ ሆስፒታል ተጠጊ” ብለዋት ነበር። ባሏ ለከብት ንግድ ብድሬ ከተማ ሄዶ ስለቆየ፣ እኔ ሄጄ ወደ ቤቴ ላመጣት ተስማማን።

ስሄድ መንገዱ ላይ ጭጋግ ስለነበር ዓይኔን ከመንገዱ አልነቀልኩም። መና ደርሼ ከመሪው ፊት ያለውን የባትሪ ቁጥር ሳየው ከመቶው ገና ከግማሽ በላይ ነበር። ደስ አለኝ። ይህን ያህል ከበላች ስትመለስም ያንኑ ብትበላ ይተርፈኛል ብዬ አሰብኩ። የዚያን ዕለት መና መብራት ጠፍቶ አደረ፤ ቻርጅ ሳላደርግ መቅረቴም ምንም አልመሰለኝም።

ጠዋት ተነሳን። ሐረና ጫካ ውስጥ እያወራን፣ እየሳቅን ነበር። ሪራ መንደርን አልፈን ዳገቱን ስንያያዘው ግን ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ይወርድ ጀመር። አንዱን መታጠፊያ ጨርሼ ቀና ስል ቀንሷል፤ ሌላውን ስጨርስ ደግሞ ቀንሷል። ትናንት በዚሁ መንገድ ያልበላችው መኪና ዛሬ ምን ነካት? የተበላሸ ነገር ያለ መሰለኝ። ነጃት እንዳትደነግጥ ብዬ ወሬዬን ቀጠልኩ።

ሳነቴ ሜዳው ላይ ስንወጣ ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ማሞቂያውን ከፍ አደረግሁላት። በዚህ መሀል ነጃት የመቀመጫውን ጠርዝ ጨብጣ ዓይኗን ጨፈነች።

“ምን ሆንሽ?”

“ምንም። ጀርባዬን ነው።”

ጥቂት እንደሄድን ያው ነገር መጣ። ከዚያ እንደገና። ሁለታችንም ምን እንደሆነ አውቀናል። ቦታውን የምታውቁት ካላችሁ፣ እዚያ ሜዳ ላይ ከጅብራ ተክልና ከንፋስ በቀር ምንም የለም። ስልኬን አወጣሁ፤ ኔትወርክ የለም። ያን ጊዜ የመኪናዋ ሴትዮ በቻይንኛ መናገር ጀመረች። ተናግራ ዝም ትላለች፤ ትንሽ ቆይታ ያንኑ ትደግመዋለች።

“ምን እያለች ነው ዘይኑ?” አለች ነጃት፤ ቤተሰቤ እኔን የሚጠራኝ እንዲህ ነው።

“እኔ ምን አውቄ!”

ቁጥሩ ስድስት ደርሷል። ማሞቂያውን አጠፋሁ፤ የለበስኩትን ጋቢ ደረብኩላት። ከዚያ መኪናዋን ዳር አስይዤ አቆምኩ። ለምን እንዳቆምኩ እስካሁን አላውቅም። ብሄድ መኪናዋ መንገድ ላይ ትቆምብኛለች፤ ብቆምም ያው ቆሜያለሁ። ወርጄ በሩን ይዤ ቆምኩና ወደየትኛው አቅጣጫ እንደማይ እንኳ ጠፋኝ።

ከመና በኩል አንድ አይሱዙ መጣ። ጆንያ የጫነ ነው። እጄን ሳላነሳ ራሱ ቆመ። ሹፌሩ ፂሙ የሸበተ፣ ራሱን በሻል የጠቀለለ ሰው ነው። በኦሮምኛ “ማል ታኤ?” አለኝ፤ ምን ተፈጠረ ማለቱ ነው።

እህቴ ምጥ እንደያዛትና ባትሪው ሊያልቅ እንደሆነ ነገርኩት። ወርዶ በመኪናዬ መስኮት ጎንበስ ብሎ ነጃትን አያት፤ ፊቱ ተለወጠ።

“እኔ ጋ ትውጣ። ጎባ አደርሳታለሁ።”

ደግፈን ወሰድናት። የአይሱዙው መውጫ ከፍ ያለ ነው። አንድ እግሯን አንስታ ሞከረች፤ ምጡ ያዛትና ጮኸች። አልቻለችም። መልሰን መኪናዬ ውስጥ አስገባናት።

“ከዚህ በኋላ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። ቀስ ብለሽ ንጂ” አለኝ ሹፌሩ። “እኔ ከኋላሽ አለሁ። ከቆመች እጎትትሻለሁ።”

“ጋሼ፣ ይጎተታል እንዴ ይሄ?”

“እኔ ምን አውቃለሁ እህቴ! ነድቼው አላውቅም።” ከዚያ እኔን ለማረጋጋት ይመስለኛል፣ ሳቅ አለ። “እኛ የመንገዱን ክፍያ ከናፍጣው ዋጋ ጋር እየከፈልን እናንተ በነፃ ትሄዱበታላችሁ። ይኸው መንገዱ ቂም ያዘባችሁ።”

እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ቢስሚላህ ብዬ ተነሳሁ።

ሜዳውን ጨርሰን መውረድ ጀመርን። አይሱዙው መብራቱን አብርቶ ከኋላዬ አለ። ፍሬን እየያዝኩ፣ እየለቀቅኩ እወርዳለሁ። ቁጥሩን ማየት ፈራሁ። በኋላ ነጃት “ዘይኑ፣ ሰባት ይላል” አለችኝ።

“ስድስት ነው። በደንብ እዪው።”

“ሰባት ነው እያልኩሽ!”

አየሁት። ሰባት ነው። ተበላሽቷል አልኩ በልቤ። ትንሽ ቆይቶ ስምንት ሆነ። እንግዲህ ቁጥሩ ውሸቱን ከሆነ፣ እውነተኛው ስንት ነው? መቼ ነው የምትቆመው? ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ፍርሃቴ ባሰብኝ። ነጃት ግን በምጧ መሀል ሳቀች። “ወደ ላይ እየቆጠረች ነው እኮ” ትላለች፤ ከዚያ ታቃስታለች፤ ከዚያ ደግሞ ትስቃለች። የምትስቅ ይሁን የምታለቅስ መለየት አቃተኝ።

ጎባ ሆስፒታሉ በር ላይ ስቆም ቁጥሩ አሥራ አንድ ይላል። ሰዎች አልጋ እየገፉ መጥተው ነጃትን ተቀበሉኝ። ሹፌሩም አይሱዙውን ዳር አቁሞ መጣ። መኪናዋ በራሷ መድረሷ ገርሞት አንገቱን በመስኮቱ አስገባና ቁጥሩን አየ።

“ስንት ነበር ያልሽኝ?”

“ስድስት።”

“ይሄ አሥራ አንድ ነው።”

“አዎ… ጨመረ።”

“ጨመረ?” ቀና ብሎ አየኝ። “እየነዳሽ ጨመረ?”

“ወላሂ ጋሼ፣ ስድስት ነበር! እኔም አልገባኝም።”

ምንም ክፉ ቃል አልተናገረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። “እሺ እህቴ፣ ዋናው በሰላም መድረሳችሁ ነው፤ አላህ በሰላም ያገላግላት” አለና ሻሉን አጥብቆ ጠቀለለ። አስተያየቱ ግን ሌላ ነበር። አጃቢ ለማግኘት ብላ ዋሸችኝ ያለ ይመስለኛል። ይህን ሁሉ መንገድ የእኔን የኋላ መብራት እያየ፣ ጭኖ የሚሮጥ ሰው ቀስ እያለ ነው የመጣው። ስሙን ልጠይቀው ስል ከውስጥ “የነጃት ቤተሰብ!” ተብሎ ተጠራሁ። ስወጣ አይሱዙው የለም።

ነጃት በኦፕሬሽን ሴት ልጅ ተገላገለች። አልሐምዱሊላህ፣ ሁለቱም ጤነኞች ነበሩ።

ከሳምንታት በኋላ አዲስ አበባ ያለ የባለቤቴ ዘመድ በስልክ አስረዳን። እንዲህ ዓይነት መኪና ቁልቁለት ስትወርድ ጎማው ሞተሩን እያዞረ መልሶ ባትሪውን ይሞላል አለ። መጀመሪያ ወደ መና ስወርድ ባትሪው የተረፈኝም ለዚሁ ነው፤ ከሳነቴ እስከ መና ቁልቁለት ነው። ባለቤቴ “ታዲያ ወርደን ወርደን ሙሉ እናድርጋታ!” ብሎ ተከራከረው። እኔ ነገሩ ሲነገረኝ ገባኝ፤ ስልኩ ሲዘጋ እንደገና ጠፋኝ። መኪናዋን አሁንም እነዳታለሁ፤ ሴትየዋ አሁንም በቻይንኛ ትናገራለች።

ሮቤ ላይ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር እሱ ይሆን ብዬ ሹፌሩን አያለሁ። ታርጋውን አላየሁም፣ ስሙን አላውቅም። አንድ ቀን ባገኘው ማመስገኑን እችልበታለሁ። ከዚያ በኋላ ግን “ጋሼ፣ ስድስቱም እውነት ነበር፣ አሥራ አንዱም እውነት ነበር” ብዬ እንዴት እንደማስረዳው አላውቅም። እስካሁን ለራሴም በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም።