በእኔ ሆድ የተገባ ስእለት

ሰው ለቁልቢው መልአክ ጧፍ ይሳላል፣ ጃንጥላ ይሳላል፣ የጨከነ የአንገቱን ወርቅ ይሳላል። እናቴ የእኔን ሆድ ተሳለች። ታናሽ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ወደ ሰሜን ከሄደ መንፈቅ አልፎት ነበር፤ ደብዳቤውም ተቋርጧል። እሷ ሁዳዴን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለምትጾም የራሷ ጾም እንደ ስጦታ አይቆጠርላትም። እኔ ግን ከተማርኩ ወዲህ ትቼው ነበር። ስለዚህ ውሉ ግልጽ ነው፦ ትልቁ ልጅ ሃምሳ አምስቱን ቀን ሳያጓድል ይጾማል፤ ትንሹ በሕይወት ይመለሳል። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ጥይት የሰው ሆድ ጠይቆ እንደማይሄድ ለማወቅ የሚበቃ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። በወንድሜ ላይ ሙከራ ለመሥራት የሚበቃ ግን አላነበብኩም።

ሽሮውንስ ቻልኩት። ችግሩ የመጣው ጾሙ ከተጋመሰ በኋላ ረመዳን ሲገባ ነው። ከዚራ በሚባለው ሰፈራችን፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ መጋላ ገበያ ሐልዋ የምትሸጥ ሶማሌ ጎረቤት ነበረችን፤ በእነሱ ቋንቋ አክስት ለማለት «ኤዶ» እንላታለን። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ እሷ ራሷ ሳታፈጥር፣ አንድ ሰሃን ትኩስ ሐልዋ ይዛልን ትመጣለች።

«ወላሂ ሥጋ የለበትም። የእናንተን ጾም አውቃለሁ እኔ» ትላለች።

እውነቷን ነው። ስኳር አለበት፣ ሄል አለበት፣ ቀሪው ቅቤ ነው። እናቴ ይህን ለመንገር አንጀቷ አልቻለም። ቀኑን ሙሉ ውኃ ሳትቀምስ እሳት ዳር ስታማስል የዋለችን ሴት «ልታስገድፊን ነው» አይሏትም። «እግዜር ይስጥልኝ እህቴ» ብላ ትቀበልና፣ ኤዶ ዞር ስትል ሰሃኑን ለእኔ ታቀብለኛለች።

«ለጓድ አድርስለት። እሱ እንደሁ ጾም አያውቅ።»

ጓድ ከግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል የተከራየ የቀበሌያችን ካድሬ ነው። በየረቡዑ ስብሰባ ጾም የገዢ መደብ ፈጠራ መሆኑን ያስተምረናል። ከዚያ ትምህርት በኋላ እንዲያውም መጾሙ ደስ ይለኝ ጀምሮ ነበር።

እንግዲህ በየምሽቱ ያንን ሰሃን አፍንጫዬ ሥር ይዤ ግቢውን አቋርጣለሁ። የሕማማት ሰኞ ግን ከካድሬው በር አጠገብ እግሬ እምቢ አለ። ቅቤ ማለት በላም በኩል ያለፈ ሣር ነው፣ ሣር ደግሞ የጾም ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ አንድ ጣት የሚያህል ቆርሼ ወደ አፌ ሳስጠጋ በሩ ተከፈተ።

«በሕማማት?» አለኝ ጓድ።

«ስኳሩ በዝቶ እንደሆነ ልይልህ ብዬ ነው።»

«መልሰውና ግባ።»

መለስኩና ገባሁ። ካልጋው ሥር ካርቶን ሳበ። የየቀኑ ሐልዋ እያንዳንዱ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ተደርድሯል፤ አንዱም አልተነካም።

«ፋሲካን ነው የምጠብቀው» አለ። «ትናገርና።»

«ረቡዕ ረቡዕ የምትለውስ?»

«እሱ ሥራዬ ነው።»

እሱ ለእናቴ ላይናገር፣ እኔ ለቀበሌ ላልናገር ተስማማን። ከዚያ ወዲያ መግደፍ የሚባል ነገር ከሐሳቤ ወጣ። እምነቴ ስለጠነከረ አይደለም፤ በካድሬ መበለጥ ስለማልችል ነው። በፋሲካ ጠዋት ድንጋይ የሆነውን ሐልዋ በመዶሻ እየሰበርን በላን።

የወንድሜ ደብዳቤ የደረሰን ከዚያ በሁለተኛው ሳምንት ነው። እናቴ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ደኅና ነው። «እዚህ ጾም የለም፤ ሁዳዴውን በሙሉ የቆርቆሮ ሥጋ ስንበላ ከረምን፤ ወፍሬአለሁ» ይላል። ይህችን መስመር ቀስ ብዬ ሁለት ጊዜ አነበብኳት። ለዚያ ሁሉ ሽሮ ያገኘሁት ደመወዝ እሷ ብቻ ናት።

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«ታዲያ ለእሱም ጭምር ነዋ የጾምከው» አለችኝ። «ይልቅ ደኅና ነኝ ያለበትን ድገምልኝ።»