ቴሌቪዥኑ የነገራት

ጋሽ ሽቦ ቴሌቪዥን ሲጠግን አርባ ዓመት ሆኖታል። ሽቦ ያሉት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ ከኪሱ ስለማይጠፋ። የዛሬዎቹን ስስ ቴሌቪዥኖች ግን አይወድም። «ሆዳቸው ባዶ፣ ምኑን ከፍቼ ምኑን ልይ!» ይላል። ያም ሆኖ ሚስቱ አልጋ ስትይዝ፣ ድራማዋን ተኝታ እንድታይ ብሎ አንዱን ገዛና ፊት ለፊቷ ሰቀለው። ከስልኩ ጋር ያገናኘውም ራሱ ነው፤ ማን ሊነካበት!

ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻው ጠርቶ የነገረው የጉበት ካንሰር ነው፤ ያውም የባሰበት። ጋሽ ሽቦ ግን ወደ እሷ ገብቶ «ጨጓራ ነው አሉ፣ እግዜር ይመስገን» አላት። ልጃቸውንም ትንፍሽ እንዳትል አስማላት። እንዲህ ያለ ክፉ ወሬ ለታማሚ አይነገርም፣ ተስፋዋን ከቆረጠች አለቀላት፣ ብሎ ነው። ሚስትየውም አምናው «ስድን ይሄን መጋረጃ እቀይረዋለሁ» ትል ነበር።

አንድ ቀን ጓዳ ገብቶ ስልኩ ላይ «የጉበት ካንሰር ስንት ወር ያቆያል» ብሎ ጻፈ። መልሱን አንብቦ አለቀሰ። ፊቱን ታጥቦ እየሳቀ ወጣ።

በማግስቱ ከሰዓት አብረው ሲያዩ ድራማው መሃል ላይ ተቋረጠ። አንዲት ሳቂታ ሴት ብቅ አለችና፣ «ቤትዎ የጉበት ካንሰር ታማሚ አለ? የመጨረሻዎቹን ወራት ያለ ሥቃይ...» ማለት ጀመረች። ጋሽ ሽቦ ሪሞቱን ቢጫን፣ ቢደበድብ፣ ወይ ፍንክች! ማስታወቂያው ሳያልቅ አይታለፍም። ትናንት የጻፈውን ስልኩ ለቴሌቪዥኑ አሳብቆበታል! ዘሎ ሶኬቱን ነቀለው።

«የማይረባ! ለሁሉም ሰው ነው እኮ የሚልኩት» አላት። ላቡ ግን በግንባሩ ይወርዳል።

«የኔ በሽታ ነው አይደል?» አለችው።

የነቀለውን ገመድ መጠቅለል ጀመረ።

«ሠላሳ ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ እቃ ይንገረኝ?»

እግሯ ላይ ወድቆ ለመናት። ይቅር ብዬሃለሁ አለችው፤ ከአንጀቷ ነበር። እምነቷን ግን ከየት ታምጣው? ከዚያ በኋላ በቆየችባቸው ሁለት ወራት እሱ «ውጭ ዘነበ» ካላት ልጇን ወደ መስኮት ትልካለች። ኪኒኑን ሲሰጣት ልጇ ስሙን ካላነበበችላት አትውጥም። እሱም አይቆጣም፤ ምን አፍ አለውና!

በመጨረሻው ቀን ዓይኗ ማየት አቆመ። ጋሽ ሽቦ እጇን ጨብጦ፣ «አለሁልሽ፣ አጠገብሽ ነኝ» አላት።

ፊቷን ልጇ ወደምታለቅስበት አዞረች። «ልጄ» አለች፣ «እውነት አባትሽ እዚህ አለ?»