አዱሬና የሙሽራዋ ቁም ሳጥን

የተከራየሁት ክፍል በቾ ቦሬ የሚባል ሰፈር ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት ባላቸውን ቀብረው፣ ትልልቆቹን ልጆቻቸውን ድረው፣ ከመጨረሻ ልጃቸው ጋር የቀሩ እናት ናቸው። እማማ እላቸዋለሁ። ሁለት ድመቶች ነበሯቸው፤ አብረው የተወለዱ፣ ሁለቱም ግራጫ። ስም አላወጡላቸውም። በአፋን ኦሮሞ ድመት ማለት አዱሬ ነውና፣ "አዱሬ!" ብለው ሲጣሩ ሁለቱም ይመጡ ነበር። ባለፈው ክረምት አንዷን ባጃጅ ገጫትና ሞተች። የቀረችው ሳህኗን ትታ በር በሩን ማየት አበዛች። ከሳች።

የልጅቷ ሰርግ ሲቃረብ ቁም ሳጥኑ መጣ። ሙሽራ ይዛው የምትሄደው ዕቃ ባል ቤት ሲደርስ የባል ወገን ሴቶች ከበው ያዩታል። ከፍተው ይዘጉታል፣ በጣታቸው ያንኳኩታል፣ ከዚያ ለጎረቤት ያወራሉ። አናጢውም ይህን ስለሚያውቅ ከታዘዘው አስፍቶ ሠራው። እንጨቱ ዋንዛ ነው፤ የመሐል በሩ ከላይ እስከ ታች መስታወት። ተሸካሚዎቹ ወደ መኝታ ቤት ሊያስገቡት ቢሞክሩ በበሩ አላልፍ አለ። እናም ሳሎን ውስጥ፣ ከዋናው በር ትይዩ ቆመ።

አዱሬ ስታየው በር ላይ ቆሜ ነበር። ጀርባዋ ጎበጠ፣ ጅራቷ የበቆሎ ቆረቆንዳ አክሎ አበጠ፣ ወደ ኋላም ተፈናጠረች። ቆይታ በሆዷ እየተሳበች ቀረበች። አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ አደረገች፤ በመዳፏ ነካችው። ከዚያ ዞራ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ገባች፣ ወጣች፣ እንደገና ገባች። ማንም የለም። ተመልሳ ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና በአጭሩ ጮኸች።

እማማ እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። "ያ ረቢ! እህቷን አገኘቻት።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሳህኗን መስታወቱ ፊት ያደርጉላት ጀመር። አዱሬም በላች። እማማ በርጩማ አምጥተው አጠገቧ ይቀመጡና "እህትማማቾቹን" ያያሉ። "ተይ፣ ለሷም አስቀሪላት" ይሏታል።

ሥራዬ ሰው ያየውን ከገመተው መለየት ነው። ድመቷ መብላቷን አይቻለሁ። የእህቷ ነገር ግን ግምት ነው። የእንስሳት ሐኪም የሆነ ወዳጄን ብጠይቀው፣ ድመት ዘመዷን የምታውቀው ይበልጡን በማሽተት እንደሆነና ጠረን የሌለው ምስል ቶሎ እንደሚሰለቻት ነገረኝ። ለእማማ አልነገርኳቸውም። አልጠየቁኝማ።

ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ጠሩኝ።

"አናጢውን ጥራልኝ። በሩን ይንቀለው። መስታወቱ እዚህ ይቅር፤ ለልጄ ደህና የእንጨት በር ይግጠምላት።"

ልጅቷ ከጓዳ ወጣች። "ምን አልሽ እማ?"

"ሰምተሻል።"

"ሸቤ ያሉት የባሌ ወገን ሴቶች ምን ይሉኛል? 'ከድመት ያነሰች ሙሽራ መጣችልን' ነው የሚሉኝ! ወላሂ፣ ዕድሜ ልኬን አዱሬ እያሉ ይጠሩኛል።"

"ይበሉ። አንቺ አፍ አለሽ፣ ትመልሻለሽ። ይቺ ምን አፍ አላት? እህቷን ሁለቴ ልትነጠቅ ነው? ደግሞ ምግብ ብታቆምስ?"

"እኔ ስሄድ ምግብ የሚያቆመው ማን እንደሆነ አውቃለሁ" አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

እማማ ጎንበስ ብለው የአዱሬን ሳህን ወደ መስታወቱ አስጠጉ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ጋዜጠኛ ነዎት፤ እውነቱን ይንገሯት" አለችኝ።

እውነቱን እንደማላውቅ፣ መሞከር ግን እንደሚቻል ነገርኳት። በማግስቱ ጠዋት እማማ ገበያ እንደሄዱ መስታወቱን በአንሶላ ሸፈንነው። ሳህኗን በቦታዋ አስቀመጥን። አዱሬ መጣች፤ አንሶላውን አሸተተች፤ ሥጋውን ግን አልነካችም። ጀርባዋን ሰጥታን በሩን እያየች ተኛች።

"አለቀ፣ በሩ ተነቀለ" አለች ልጅቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። "ሸቤ ሳልደርስ ስሜ ቀድሞኝ ገባ።"

የግቢው በር ሲንኳኳ የአዱሬ ጆሮ ቆመ። እማማ ዘምቢላቸውን ይዘው ሳሎን ሲገቡ ሮጣ እግራቸው ላይ ተጠመጠመች። አንሶላውን አይተው ሊቆጡ አፋቸውን ሲከፍቱ ልጅቷ "እማ፣ እባክሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪ" አለቻቸው። በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አዱሬ ወደ ሳህኗ ሄደች። በተሸፈነው መስታወት ፊት ሥጋውን ጨርሳ ሳህኑን ላሰችው።



"ታዲያ እኔን ነበር የምትጠብቀው?" አሉ እማማ።

"እሱን አላውቅም እማማ። ያየሁት፣ እርስዎ አጠገቧ ሲቀመጡ መብላቷን ነው።"

"አንተ ደግሞ! አንድ ቃል ብትጨምርላት ምን አለበት?"

በሰርግ ሽርጉዱ የድመቷን ሳህን አስቀምጦ መሮጥ ለምደው እንደነበር ልጅቷ ያኔ አስታወሰቻቸው። አብረዋት መቀመጥ የጀመሩት መስታወቱ ከመጣ ወዲህ ነው። እማማ አዱሬን አንስተው አቀፏት። "ቶሌ" አሉ፤ እሺ ማለታቸው ነው። "ይሂድ። ከነመስታወቱ ይሂድ።"

ቁም ሳጥኑ በአይሱዙ ተጭኖ ሸቤ ገባ። ሙሽራዋም ሄደች። ሳሎኑ ሰፋ። አዱሬ ቁም ሳጥኑ የቆመበትን ቦታ አሸትታ ወደ ፀሐይ ወጣች። እማማ ግን እንጀራቸውን ቆርሰው ይዘው ይቀመጡና ወደ አፋቸው ሳያደርሱት ይረሱታል። ልጅቷ የፈራችው ይህንኑ ነበር። ስትደውል "ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ" ይሏትና ይዘጋሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጮኸ። እጃቸው ወጥ ነክቶ ስለነበር ድምፁን ከፍቼ ያዝኩላቸው።

"እማ፣ ጉድ ሆነናል! ቁም ሳጥኑ እዚህም በመኝታ ቤቱ በር አላልፍ አለ። ሳሎን አቆሙት፣ ከዋናው በር ፊት ለፊት። አሁን የአማቴ አውራ ዶሮ ዘው ብሎ እየገባ ከራሱ ጋር ይጣላል! መስታወቱን በጥፍሩ ሊጨርሰው ነው። ሴቶቹ ዕቃዬን ማማት ትተው ዶሮውን ለማየት ነው የሚመጡት። አማቴ 'እናትሽ በዚህ ነገር አዋቂ ናቸው አሉ፣ ጠይቂልኝ' ብላኛለች።"

እማማ ቀና አሉ። "አቅርቢያት እስኪ።"

አማቲቱ ከሩቅ ሰላምታ ስታበዛ ተሰማ።

"እህቴ፣ ስሚኝ" አሉ እማማ። "አንሶላ አልብሱት። ግን አውራ ዶሮ እንደ አዱሬ አይደለም፤ እሱ የሚፈልገው እህት ሳይሆን ጠብ ነው። እህል በጓሮ በኩል ይሰጠው፣ ሳሎኑን ይረሳዋል። ነገ ያደረገውን ንገሩኝ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረው "ያ አናጢ የሰው በር ሳይለካ ነው የሚሠራው!" አሉና ሳቁ። ሰርጉ ካለፈ ወዲህ ሲስቁ የሰማኋቸው ያኔ ነው።

ያቋረጡትን እንጀራ ጨረሱት። አዱሬም ከእግራቸው ሥር የራሷን በላች።

አሁን ከሸቤ በየምሽቱ ይደወላል። ምን እንደሚያወሩ ስጠይቃቸው "ስለ ዶሮው ነው" ይሉኛል። ስለ ዶሮው ብቻ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልኩም።