ጋሽ ሙሜ ያሸነፉበት እሁድ

ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ስማር እሁድ ለኔ የቤንዚን ሽታ ነበረው። ከቅዳሴ መልስ ነጠላዬን አውልቄ፣ ቁርሴን ቆሜ ጎራርሼ፣ ከአባቴ ጎን የፊት ወንበር ላይ እቀመጥና ወደ ድሬ ጠያራ እንሄድ ነበር። አባቴ ግርማ የታክሲ ሹፌር ነበር። ሳምንቱን ሙሉ አሮጌዋን ፔጆ ከሸዋ በር ወደ ፈረስ መጋላ፣ ከፈረስ መጋላ ወደ ሸዋ በር ሲያመላልስ ይሰነብትና እሁድ ግን ተሳፋሪ አይጭንም። "ዛሬ መኪናዋ የራሷ ናት" ይላል። የኔ ዘመን የሐረር ልጆች ያቺን ፔጆ ያውቋታል፤ ማርሿ ከመሪው ሥር፣ የወንበሯ ቆዳ በፀሐይ የተሰነጣጠቀ፣ በሯ ካልተወረወረ የማይዘጋ።

ድሬ ጠያራ ያን ጊዜ ሰፊ ሜዳ ነበር። ትልልቆቹ ድሮ አውሮፕላን ያርፍበት እንደነበር ይነግሩን ነበር፤ እኛ ስንደርስበት ግን ከብትና አቧራ ብቻ ነው ያለው። እዚያ አምስት ስድስት ባለመኪናዎች ይሰበሰባሉ። ማኅበር ይበሉት እንጂ ማኅተምም ሊቀመንበርም አልነበረውም። ባዶ በርሜሎች በመስመር ያቆማሉ፤ በበርሜሎቹ መሀል እየተጠማዘዙ ይሄዱና የመጨረሻውን ዞረው ይመለሳሉ። የሚነዱት ተራ በተራ ነው፤ በርሜል የነካ ያ ዙሩ አይቆጠርለትም። ሽልማት የሚባል ነገር የለም። የመጨረሻ የወጣው በርሜሎቹን ይሰበስባል፣ ያ ብቻ ነው ቅጣቱ፤ እሱም ቢሆን ሁሉም ተነስተው ያግዙታል። ከዚያ ከሜዳው ዳር ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው የዘይቱን ፍሬ እየበሉ፣ ማን የቱ ጋ ፍሬን እንደያዘ፣ ማን ማርሽ ለመቀየር እንደዘገየ ይከራከራሉ። ሰኞ ገበያ ውስጥ አንዱ የአንዱን ተሳፋሪ የሚሻማው ሰው፣ እሁድ መሬት ላይ በእንጨት እየሳለ "እዚህ ጋ መሪህን ቀድመህ ፍታው" እያለ ያንኑ ሰው ያስተምራል። እንዲያ ያለ ነገር በሌላ ቦታ አላየሁም።

ይህን ጨዋታ የጀመሩት የትምህርት ቤታችን የስፖርት አስተማሪ ጋሽ ተሾመ ነበሩ። ነጭ ቮልስ ነበረቻቸው። በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት የሩጫ ሰዓትም ነበራቸው፤ ነገር ግን እሳቸውም ነጂ ስለሆኑ ሰዓቱን የሚይዝ ሰው ያስፈልግ ነበር። ለኔ ይሰጥ ሲባል አንዱ ሹፌር "የግርማ ልጅ አይደለች እንዴ፣ ለአባቷ ታደላለች" አለ። ያን ጊዜ ጋሽ ሙሜ ናቸው የተከራከሩልኝ።

"ኧረ አቦ፣ ሕፃን አይዋሽም" አሉ። "ስጧት ሰዓቱን።"

ጋሽ ሙሜ ከሐረር ወጣ ብሎ ያለው የሶፊ ገበሬ ነበሩ። ጫትና ድንች የሚጭኑባት ፔጆ ፒክአፕ ነበረቻቸው፤ መንዳት የተማሩት ግን አርባ ዓመት ካለፋቸው በኋላ ነው። ሲጀምሩ እንደሳቸው ያለ ደካማ ነጂ በሜዳው ላይ አልነበረም። ከመጀመሪያው በርሜል ጋር ካልተጋጩ ከሁለተኛው ጋር ይጋጫሉ። ፒክአፗ ውስጥ የሚቀረው የጫት ገረባ፣ የማይቃመው ቅጠል፣ በየመታጠፊያው እየተነሳ ይበተናል፤ እኛ ልጆች እንስቃለን፣ እሳቸውም ወርደው አብረውን ይስቃሉ። አባቴ ግን አይስቅም ነበር። አንድ እሁድ ተነስቶ ከጋሽ ሙሜ ጎን ገባና ተቀመጠ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ተማሪው አደረጋቸው።

አባቴ ሲያስተምር ብዙ አይናገርም። "የምትፈራውን በርሜል አትየው፤ መሄድ የምትፈልግበትን እይ። መኪና ዓይንን ነው የሚከተለው" ይላቸዋል። እጃቸው እንዲለሰልስ ደግሞ ግማሽ ድረስ ውሃ የሞላ ጣሳ ጭናቸው መሀል ያስቀምጥና "ሳታፈስ ዙር" ይላቸው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ጋሽ ሙሜ ከመኪናዋ የሚወርዱት ሽርጣቸው እየተንጠባጠበ ነበር።

"ወላሂ፣ እኔ መንዳት ልማር መጣሁ፣ ግርማ ልብስ ያጥብልኛል" ይሉ ነበር።

ሁለት ክረምት አለፈ። የሚፈሰው ውሃ እየቀነሰ መጣ፤ አንድ ቀን ሽርጣቸው ደረቅ ሆኖ፣ የጣሳው ውሃም ሳይጎድል ተመለሱ። ያን ቀን አባቴ እጃቸውን ጨበጣቸው። ጋሽ ሙሜ በሚቀጥለው እሁድ በትልቅ ፔርሙስ ወተት ያለው ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻያችንን ማለቴ ነው፣ ይዘው መጥተው ሁሉንም አጠጡ። ለኔ በስኒ ሳይሆን በፔርሙሱ ክዳን ቀዱልኝ፤ ትልቁ እሱ ስለነበረ።

በዚያ ዓመት የድሬዳዋ ባለመኪናዎች እንደኛው ያለ ጨዋታ እንዳላቸው ተሰማና መልእክት ላኩልን፤ ከሐረር አንድ ሰው መጥቶ ከኛ ጋር ይወዳደር አሉ። ማን ይሂድ ተባለ። ጋሽ ተሾመ "የሚቀጥለው እሁድ ማንም ያሸነፈ እሱ ይሂድ" አሉና ሁሉም ተስማማ። አባቴ ያን ማታ እራት ላይ "ካሸነፍኩ ድሬ ይዤሽ እወርዳለሁ" አለኝ። እኔ ድሬዳዋን አይቻት አላውቅም ነበር። በማግሥቱ ክፍል ውስጥ ለጓደኞቼ አባቴ እንዳሸነፈ አድርጌ አወራሁ። እናቴም ቢጫ ቀሚሴን አጥባ ሰቀለችልኝ። ሳምንቱ ሙሉ እንዲህ አለፈ፤ ያ ቀሚስ ተሰቅሎ ባየሁት ቁጥር ነገሩ ያለቀለት እየመሰለኝ መጣ።

እሁዱ ደረሰ። አባቴ ጥሩ ነዳ፤ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር፣ አንድ ደቂቃ ከአሥራ አራት ሰከንድ። የቀሩት ጋሽ ሙሜ ብቻ ናቸው። ቢስሚላህ ብለው ሲነሱ ከሌላው ጊዜ የተለየ ነገር አላየሁባቸውም። ፒክአፗ ግን በበርሜሎቹ መሀል ውሃ በቦይ እንደሚሄደው ሄደች። አቧራዋ እንኳን ትንሽ ነበር። መጨረሻ ያለውን በርሜል ዞረው ሲመለሱ አባቴ ከግራሩ ሥር ተነስቶ ቆመ። መስመሩን ሲያልፉ የሰዓቱን ቁልፍ ተጫንኩት። አንድ ደቂቃ ከአሥራ ሁለት ሰከንድ ይላል።

አሁን ሳስበው ያቺ ቅጽበት በጣም ረዥም ነበረች። ለመወሰን ጊዜ አጣሁ ብዬ ራሴን ልዋሽ አልችልም። ቁልፉን ደግሜ ተጫንኩት፣ ቁጥሩ ዜሮ ሆነ፤ ቀና ብዬም "አንድ ደቂቃ ከአሥራ አምስት" አልኩ።

ጋሽ ተሾመ ፊታቸውን ቋጠር አድርገው "ለዓይኔ የሙሜ የፈጠነ መስሎኝ ነበር" አሉ። ሰዓቱን አምጪ ቢሉኝ ኖሮ ያኔውኑ አለቅስ ነበር። ጋሽ ሙሜ ግን ላባቸውን በፎጣቸው እየጠረጉ መጡና፣

"ዓይን ይሳሳታል፤ ልጅቷ አንብባዋለች" አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረው፣ "አንዲት ሰከንድ ነው የቀረኝ ግርማ። አልሐምዱሊላህ፣ ተጠጋሁህ" አሉት።

አባቴ አቅፏቸው "በሚቀጥለው ትበልጠኛለህ" አላቸው። በርሜሎቹን ሁሉም ተረባርበው ሰበሰቡ። እኔ ሰዓቱን ለጋሽ ተሾመ መለስኩና መኪናችን ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ድሬዳዋ ወረድን። ጋሽ ሙሜ "ራዲያተር ውስጥ ውሃ የሚጨምርልህ ሰው ያስፈልግሃል" ብለው አብረውን መጡ፤ የደንገጎን ጠመዝማዛ መንገድ ከኋላ ወንበር ከኔ ጋር ተቀምጠው፣ በየመታጠፊያው ወደ በሩ እንዳልንሸራተት በክንዳቸው ያዝ እያደረጉኝ ወረድን። ሙቀቱ ሲበረታብኝ አይስክሬም ገዙልኝ። ቢጫው ቀሚሴ ላይ ተንጠባጠበ፤ በፎጣቸው ጠረጉልኝ። አባቴ አራተኛ ወጣ። ከሁላችንም አብዝተው ያጨበጨቡት ጋሽ ሙሜ ነበሩ።

"በሚቀጥለው" የተባለው አልመጣም። ጋሽ ሙሜ የሚቀጥሉትን እሁዶች መጡ፣ ነዱ፤ ነገር ግን የበፊቱ ጉጉት አልነበራቸውም። አባቴ ለምን እንደቀዘቀዙ ሲጠይቃቸው "እንደዚያ ቀን ነድቼ አላውቅም ነበር ግርማ። በዚያ ካልበለጥኩህ የኔ ልክ እዚያ ድረስ ነው፣ ይበቃኛል" አሉት። አጠገባቸው ቆሜ እሰማ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ፒክአፗን ለወንድማቸው ልጅ ሰጥተው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። ጋሽ ተሾመም ተቀይረው አዲስ አበባ ሄዱ። ከዚያ በኋላ እሁድ አባቴም ተሳፋሪ መጫን ጀመረ።

ለመናገር ጊዜ አላጣሁም። አድጌ፣ ተምሬ፣ እዚሁ ሐረር ሥራ ከያዝኩ በኋላ እንኳን ጋሽ ሙሜን ሸዋ በር ገበያ ብዙ ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ። ሁልጊዜ ቆም ብለው "ሰብሊ፣ ልጄ፣ አባትሽ እንዴት ነው" ይሉኛል፤ ድንች ካለ ድንች፣ ማንጎ ካለ ማንጎ ፌስታል ውስጥ ይጨምሩልኛል። አፌ ድረስ ይመጣና፣ አሁን ምን ያደርግላቸዋል፣ የልጅ ነገር ነው፣ ረስተውታል እላለሁ። እሳቸው ይረሱት አይርሱት ግን ጠይቄ አላውቅም።

አምና ማረፋቸውን ሰማን። ተቀብረው ካደሩ በኋላ ለተዕዚያ፣ ለቅሶ ለመድረስ ማለቴ ነው፣ ወደ ሶፊ የወረድነው በኔ መኪና ነው፤ አባቴ አርጅቶ መንዳት ካቆመ ቆይቷል። መንገድ ላይ "ሙሜ እኮ አንድ ጊዜ በአንዲት ሰከንድ ሊበልጠኝ ነበር" ብሎ ለመቶኛ ጊዜ ሊያወራኝ ሲጀምር፣ ዓይኔን ከመንገዱ ሳላነሳ ነገርኩት። ሁሉንም፣ ቀሚሱን ሳይቀር።

"አቁሚ" አለኝ።

ዳር ይዤ አቆምኩ። ወረደ። የጫት ማሳው አጠገብ ጀርባውን ሰጥቶኝ ብዙ ቆመ። ተመልሶ ሲገባ የተናደደ መስሎኝ ነበር፤ ድምፁ ግን ቀስ ያለ ነበር።

"ሁለት ዓመት ያስተማርኩት ሰው በለጠኝ ብዬ የምኮራበት ቀን ነበረኝ ማለት ነው" አለ። "ሳላውቀው አለፈ።"

"ይቅር በለኝ አባባ" አልኩት።

"እኔማ ምን እላለሁ። እሱ ነበር ማወቅ የነበረበት። በይ ንጂ።"

ለቅሶ ተቀምጠን ስንወጣ የጋሽ ሙሜ የበኩር ልጅ ጀማል መኪናው ድረስ ሸኘን። ቁመቱም አረማመዱም አባቱን ነው። አባቴ የመኪናውን በር ይዞ፣ "ጀማል፣ አንድ ነገር እወቅልኝ። አባትህ በልጦኝ ነበር። ያን እሁድ አሸናፊው እሱ ነው" አለው።

ጀማል አንገቱን ዝቅ አደረገ። "አላህ ይስጥልን ጋሽ ግርማ። እንዲህ በማለትዎ አባታችን ደስ ይለዋል" አለ። አነጋገሩ፣ ለሐዘንተኛ የሚነገርን መልካም ቃል እንደሚቀበል ሰው ነበር።

"እውነቱን ነው" አልኩ እኔ። "ሰዓቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዋሽቼ ነው ያነበብኩት።"

ፈገግ አለ። ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "አንቺ ያኔ ሕፃን ነበርሽ እህቴ፣ ተዪው። አባባ ስለዚያ ቀን ሲያወራ ነው የኖረው። 'ያን የመሰለ ነጂ በአንዲት ሰከንድ ተጠጋሁት' ይል ነበር። ይበቃው ነበር" አለ።

አባቴ "አይበቃውም ነበር" አለና ገባ። ጀማል እንዳላመነን ከፊቱ አየሁ፤ ማመኑም አላስፈለገውም።

ዛሬ ድሬ ጠያራ ሜዳው ላይ ቤት እየበዛ ነው። የከተማው ወጣቶች ከእኛዎቹ የተሻለ መኪና አላቸው፤ ሲያሽከረክሩ በስልክ ይቀረጻሉ፣ ሰዓቱንም ስልኩ ይይዛል። እንደኔ ያለ ልጅ አያስፈልጋቸውም፤ ደግ ነው። ከመኪናው ወርዶ ከሌላው ነጂ ጎን ገብቶ የሚያስተምር ሰው ይኑራቸው አይኑራቸው ግን አላውቅም። አባቴም ታሪኩን ማውራት አልተወም፤ አጨራረሱን ብቻ ቀይሮታል። "ሙሜ በለጠኝ" ይላል አሁን። የሚሰሙት ሽማግሌው ትሕትና ይዞት ነው ብለው ይስቃሉ፣ እሱም አይከራከራቸውም። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ አዳምጣለሁ። ያችን ቃል ሰምቶ ደስ ሊለው የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሳቸውም በሸዋ በር ገበያ ስንት ጊዜ ፊቴ ቆመው አልፈዋል።