ኦክስጅኑን ያየው ሰው

አግማስ ኮምቦልቻ ላይ አምቡላንስ መንዳት ከጀመረ ሰባተኛ ዓመቱን ይዟል። ጊዜው የኢሕአዴግ ነው፤ ያለ ቅጽና ያለ ግምገማ ሥራ የማይወጣበት ዘመን። አምቡላንሷም ከግቢ ሳትንቀሳቀስ ቅጹ ላይ ሁለት ፊርማ ይሰፍራል፤ ሹፌሩ መኪናዋን፣ ነርሷ ኦክስጅኑን አይተው የሚፈርሙት። ነርሷ ፋሲካ ግን ሁልጊዜ እየተጣደፈች ነው የምትደርሰው። "አግማስዬ፣ የኔንም ጫር አድርግልኝ" ትለዋለች፤ እሱም ይጭርላታል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ ኖሩ።

አንድ ማክሰኞ ከሪማ የምትባል አስም የጠናባት ሴት ከደጋን አሳፍረው ወደ ደሴ ሲወጡ፣ ዳገቱ እኩሌታ ላይ ትንፋሿ ባሰባት። ፋሲካ ኦክስጅኑን ብትከፍት ሲሊንደሩ ባዶ ነው። አብሯት የተሳፈረው የከሪማ ባል ሰይድ በነጠላው እያራገበላት ደሴ ደረሱ። ነፍሷ ተረፈች፤ ግን በሦስተኛውም ቀን አልነቃችም። ሰይድ ለፖሊስ አመለከተ።

ከዚያ ወዲያ አግማስ ሰው ማመን ተወ። ዘበኛው ሰላምታ ያሳጠረበት መሰለው። ኃላፊው አቶ እንየው ሻይ ጋበዙት፤ በሰባት ዓመት ጋብዘውት አያውቁምና ሻዩን ሳይነካ ተነሣ። ፋሲካ ደግሞ የማክሰኞው ቅጽ የት እንዳለ ሁለት ጊዜ ጠየቀችው።

"ልትቀድጂው ነው?" አላት።

"ምን አስቀደደኝ?" አለች ዓይኗን ሳትሰብር። "የኔ እጅ የለበትም እኮ።"

ያኔ ገባው። ሁለቱም ፊርማ የገዛ እጁ ነው። ወረቀቱን አቃጥሎ ዝም ማለትም አማረው። ኋላ ግን መዝገብ ቤት ገብቶ የሁለት ዓመቱን ቅጽ አንድ በአንድ ሲገልጥ ዋለ። ፋሲካ ወልዳ በተኛችበት ወር እንኳ እሱ የጫረላት ፊርማዋ አለ፤ ከሥሩም የአቶ እንየው ማኅተም አርፎበታል።

በማግስቱ የቅጾቹን እስር ታቅፎ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ሰይድ መርማሪው ፊት ተቀምጦ ነበር። አግማስ ቅጾቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ያለውን ሁሉ፣ የራሱንም ጥፋት ሳያስቀር፣ ተናገረ። ሰይድ እንደ ቀጣፊ እያየው ጨርሶ አዳመጠው።

"በአላህ ይዤሃለሁ፤ ያን ቀን ሲሊንደሩን ያየው ማነው?"

"ማንም አላየውም፣ ወንድሜ።"

መርማሪው የጀመረውን ወረቀት ወደ ጎን ገፋና አዲስ አወጣ። ከላይ "ተጠርጣሪዎች" ብሎ ሦስት ስም ጻፈ። የመጀመሪያው የአግማስ ነበር።