ሁለት እጅ የጻፈው ደብተር

የደኅንነት ሰዎች የያዙኝ መገናኛ አጠገብ፣ ከሥራ ስወጣ ነው። መኪናው ወደ እንጦጦ ግርጌ ይዞኝ ወጣና ከአንድ የተወረሰ ቪላ ጓሮ አወረደኝ። ክፍሏ ቀድሞ የቤት ሠራተኞች ማደሪያ ነበረች፤ ለሁለት ሰው የምትጠብ፣ እኛ ግን ዘጠኝ ነበርን። ሽንትና እርጥብ ግድግዳ ይሸታል። አልፎ አልፎ በበሩ ስንጥቅ የባሕር ዛፍ ጠረን ይገባል።

ጥፋቴ አንድ ደብተር ነው። ፈረንሳይ አገር ለትምህርት ተልኬ፣ ፕላስቲክ ካርድ ላይ ለምትለጠፍ ጥፍር የምታህል ቺፕ ፕሮግራም መጻፍ ተምሬ ነበር። ካርዱ የምስጢር ቁጥር ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳቱበት ይቆለፋል። ደብተሩን የሞላው ይህን የሚያዝዘው ፕሮግራም ነው፤ ቁጥርና የላቲን ፊደል ብቻ። እነሱ የምስጢር መልእክት መሰላቸው፤ በአገራችን ካርዱን የሚያነብ መሣሪያ ስላልነበረ እውነቴን መሆኑን ማሳየት አልቻልኩም።

መርማሪው ድምፁን የማያነሣ ሰው ነበር። ደብተሩን ወደ አማርኛ መልሰው አለኝ። መለስኩት።

«‹ጠብቅ› ይላል። ማንን ነው የምትጠብቁት?»

«የሚጠብቀው ቺፑ ነው፤ ቁጥር እስኪገባለት።»

«‹ወደዚህ አድራሻ ሂድ› ይላል። የማን ቤት ነው?»

«ቤት አይደለም። ቺፑ ውስጥ ያለ ቦታ ነው።»

በተናገርኩ ቁጥር ነገሩ እየከፋ ሄደ። ውስጥ እግሬን ከገረፉኝ በኋላም ያንኑ ደግሜ ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ደብተሩን መሃሉ ላይ ገልጦ ጣቱን አሳረፈበት።

«ይህ ያንተ ጽሕፈት አይደለም። የማን ነው?»

የአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነበር። ሳስተምራት ሁለት ገጽ በራሷ እጅ ጽፋለች። የሁለት ሕፃናት እናት ናት።

«የኔው ነው» አልኩት። «ተረጋግቼ ስጽፍ እንደዚያ ነው።»

«እንግዲያው ከሰዓት በኋላ ፊቴ ትጽፋለህ። ካልሆነ ስሙን ትነግረኛለህ።»

ወደ ክፍሉ ተደግፌ ተመለስኩ። ከጎኔ የሚተኙት ወንድ ልጃቸው ሸሽቶ ስለጠፋ በእሱ ፈንታ የታሰሩ ሽማግሌ ነበሩ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህር። በሹክሹክታ ነገርኳቸው።

«እጇ ምን ይመስላል?» አሉኝ።

«ክብ ክብ ነው ጋሼ። ወደ ግራ ያዘነብላል። ሰባትን ወገቡ ላይ ትሰርዘዋለች።»

«ሠላሳ ዓመት የልጅ እጅ ሳቃና ነው የኖርኩት። ዛሬ ደግሞ ላጣምም። ና ተቀመጥ።»

ከግድግዳው የረገፈ የኖራ ስባሪ ሰጥተው ወለሉ ላይ ያስጽፉኝ ጀመር። የእጄን አንጓ ይዘው ይመሩኛል፤ ስሳሳት በመዳፋቸው ያጠፉታል። ሌሎቹ ምንም ሳይጠይቁ በሩን በጀርባቸው ጋርደው ቆሙልን። አይሆንልኝም ብዬ ኖራውን ጣልኩት፤ አለቀስኩም። አንሥተው መልሰው ጣቶቼ መካከል አኖሩት።

«እየቸኮልክ ነው። እሷ አትቸኩልም። እንደገና።»

ሊወስዱኝ ሲመጡ ጣቶቼ ላይ የቀረውን ኖራ በኮታቸው ጫፍ ጠረጉልኝ።

መርማሪው ፊት ግማሽ ገጽ ጻፍኩ። ከደብተሩ ጋር አስተያየው። ያመነኝ አይመስለኝም። ግን ወረቀቱን አጥፎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው፤ ስለዚያ ጽሕፈትም ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

በማግስቱ መምህሩን «ዕቃህን ይዘህ ውጣ» ብለው ጠሯቸው። ዕቃ አልነበራቸውም። «ልብሴን ላስተካክል» አሉ፤ ጠባቂውም ጠበቀ። ከመጠጫ ውሃቸው ፊታቸውን ታጠቡ፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው ቆለፉ፣ ስምንታችንንም እየጨበጡ ተሰናብተውን ወጡ። አልተመለሱም።

እኔ ከዓመት በላይ ቆይቼ ተፈታሁ። ባልደረባዬን አልነኳትም፤ ምንም አልነገርኳትም። የመምህሩን ስም ባላውቅም ቤታቸው ወደ እንጦጦ ራጉኤል በሚያወጣው መንገድ ላይ እንደሆነ ከራሳቸው ሰምቼ ስለነበር፣ አገሩ ሲረጋጋ ወጥቼ ጠየቅሁ። የሰፈሩ ሰዎች ታስረው ያልተመለሱ መምህር ቤት ነው ብለው አንድ ቤት አሳዩኝ። የቤቱ ልጅ የአባቷን ፎቶግራፍ አወጣችልኝ። የኔው ጋሼ አልነበሩም፤ ሌላ መምህር ናቸው።

ተነሥቼ ልሄድ ስል፣ እስር ቤቱ ምን ይመስል እንደነበር ጠየቀችኝ። ቁጭ ብዬ የምችለውን ያህል ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣

«ታዲያ አባቴም አጠገቡ ሰው ነበረው ማለት ነው?» አለችኝ።

«ነበራቸው» አልኳት።

የአባቷን ነገር አላውቅም። ያን ቀን የሰጠኋት መልስ ግን እስከ ዛሬ አልቆጨኝም።