ብርሃን ይጠፋል

ምንይሉ የቢቸና ሰው ነው። ዛሬ ሞጣ ውስጥ ቻርጀርና ራዲዮ እየጠገነ ይኖራል። ሱቁ በር ላይ «የኤሌክትሪክ ሥራ» ተብሎ ተጽፏል እንጂ አንድ ጊዜ የመድረክ መብራት ሠሪ እንደነበረ የሚናገር ነገር የለም። እኔ ግን እሱን ባሰብሁ ቁጥር የሚታየኝ በ1994 ዓ.ም. ክረምት፣ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጎ ባልዲ ፊት ቁጢጥ ብሎ ነው። በዚያ ቀን የሆነው ነገር እስካሁን በደንብ አልገባኝም።

በልጅነቱ ቅኔ ሊማር ደብረ ወርቅ ሄዶ ነበር። መምህሩ የኔታ አካለ ወልድ ይባላሉ። ሁለት ዓመት ቆይቶ አንድ ጠዋት ሳይሰናበት ጠፋ። ሞጣ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ፤ ከወፍጮው መካኒክ ሞተርና ሽቦ ተማረ፤ ጎልምሶ ቢቸና ሲመለስም የወፍጮ ሠራተኛ ሆነ። የቲያትር ክበብ ስናቋቁም መብራት የሚያውቅ ሌላ ሰው ስላልነበረ እሱን ለመንነው።

መብራቶቹን ከዱቄት ወተት ጣሳ ሠራቸው። የጣሳው ውስጥ ያንጸባርቃል፤ አምፖሉን እዚያ ውስጥ ሰክቶ አፉን ባለቀለም ላስቲክ ያለብሰዋል። መብራቱን ቀስ አድርጎ የሚያደክመውና የሚያደምቀው ደግሞ በባልዲ የጨው ውሃ ነበር። ሽቦ የታሰረበት አንዱ ቆርቆሮ ውሃው ውስጥ ከታች ይቀመጣል፤ ሌላው ከበላዩ በሲባጎ ይንጠለጠላል። ሲባጎውን ዝቅ ሲያደርገው መድረኩ ይነጋል፤ ከፍ ሲያደርገው ይመሻል። ወደ ባልዲው የቀረበ ሰው ካየ «ወግድ! አንተን የምቀብርበት ጊዜ የለኝም» ብሎ ይጮሃል።

የዚያን ክረምት ተውኔት የጻፈው መምህር ቀለሙ ነው። ብርሃን የሚባል ልጅ ከእናቱ ቤት ኮብልሎ ሲሄድ የሚያሳይ ተውኔት ነው። መምህር ቀለሙ «መብራት» የሚለው ቃል የሱቅ ቃል ይመስለው ስለነበር በሁሉም ቦታ «ብርሃን» ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉን በደብተር የገለበጥሁት እኔ ነኝ፤ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጥቼ ሥራ ፈት ነበርሁ። አንድ ቦታ ላይ «ሲነጋጋ ብርሃን በመስኮት ይገባል» ይላል። ብርሃንን ሆኖ የሚጫወተው ምናለ ይህን አንብቦ ሁለት ሳምንት ሙሉ በትምህርት ቤቱ መስኮት እየዘለለ ሲገባ ከረመ። መምህር ቀለሙ ሲያይ በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«አንተ ሞኝ! ብርሃን ማለት እዚህ ጋ መብራቱ ነው!» አለው።

«ታዲያ ጉልበቴ ሳይላጥ አይነግሩኝም ነበር?» አለ ምናለ።

ልምምዱ ሁሉ በቀን፣ ያለ መብራት ነበር፤ ለጄኔሬተር ነዳጅ አልነበረንም። ምንይሉም ወፍጮውን ትቶ መምጣት ስለማይችል ልምምድ አያውቅም። የመስኮቷን ወሬ ግን ሰምቶ ስቋል። በእጁ ያለው እኔ የገለበጥሁለት ደብተር ብቻ ነው።

እናቲቱን የምትጫወተው ስንዱ ነበረች። ስንዱ የየኔታ አካለ ወልድ ልጅ ናት፤ ቢቸና አክስቷ ዘንድ ሆና በጸሐፊነት ትሠራለች። አባቷ መድረክ ላይ መውጣቷን ከሰዎች ሰምተው «መጥቼ አያለሁ፤ አይቼ የምለውን እላለሁ» ብለው ላኩባት። የቲያትር ክበቦች ውድድር ሞጣ በሚደረግበት እሑድ ሊመጡ ነው። እሳቸው «ይቅርብሽ» ካሉ ይቀራል፤ ከእሳቸው ቃል የምትወጣ ልጅ አልነበረችም። ከመሄዳችን በፊት ወፍጮ ቤት ድረስ ሄዳ ምንይሉን ለመነችው።

«መጨረሻ ላይ ብቻዬን ስናገር ፊቴን አብራልኝ። እያለቀስሁ እንደሆነ አባቴ ይዩ። ዘፋኝ አለመሆኔን ይዩ።»

«ግድ የለሽም፤ እንደ ጠዋት ፀሐይ አደርግሻለሁ» አላት።

ሞጣ ስንደርስ የአዳራሹን መስኮቶች በብርድ ልብስ ጋርደን በቀን አጨለምነው። መምህር ቀለሙ ግንደወይን ለሥራ ተጠርቶ አልመጣም። ሊጀመር ትንሽ ሲቀረው ምንይሉ ደብተሩን ይዞ መጣ። የመጨረሻው ገጽ ላይ «ብርሃን ይጠፋል» ይላል፤ ከሥሩ የእናቲቱ ረጅም ንግግር ይቀጥላል።

«ይኼ ብርሃን ሰውየው ነው መብራቱ?» አለኝ።

እኔ ምናለን ጢም እያጣበቅሁለት ነበር። «መምህር ያሉትን ሰምተህ የለ? ብርሃን ማለት መብራቱ ነው» አልሁት።

«ታዲያ ስንዱ በጨለማ ነው የምትናገረው?»

«እንደተጻፈው አድርግ።»

ይህን ማለቴን አስታውሳለሁ። የማላስታውሰው ሌላ ነገር ነው፤ የመምህር ቀለሙ ዋና ጽሑፍ ላይ «ብርሃን ከቤት ይጠፋል» የሚል ነበር? «ከቤት» የምትለዋን የዘለልኋት እኔ ነኝ? ኋላ ብጠይቀው ደብተሩን ብዙ አገላብጦ «እኔ ነኝ እንዲህ የጻፍሁት?» አለኝ። ዋናው ጽሑፍ አልተገኘም።

የሆነው እንዲህ ነው። ምናለ ተሰናብቶ ወጣ። ምንይሉ ሲባጎውን ቀስ እያለ ሳበው። መድረኩ ቀላ፣ ደበዘዘ፣ ጨለመ። የስንዱን ትንፋሽ እሰማው ነበር። ከዚያ በድቅድቁ ጨለማ ውስጥ መናገር ጀመረች። ሕዝቡ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ኋላ ጸጥ አለ። ስትጨርስ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደሳቀ ማየት አልተቻለም። ዳኞቹም ተጨቃጨቁ፤ አንዱ ብልሃት ነው አለ፣ ሌላው ብልሽት። ሦስተኛ ወጣን።

በር ላይ የኔታን ከበብናቸው። ስንዱ እንድንጠይቅላት ሌሎቻችንን ታያለች።

«እንዴት አዩት፣ የኔታ?» አላቸው ምናለ።

«እኔ ምንም አላየሁም» አሉና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ሄዱ።

ወደ ቢቸና ስንመለስ መኪናው ላይ የተወራው ይኸው ብቻ ነበር።

«አላየሁም ማለት እኮ ፈቅጃለሁ ማለት ነው» አለ ምናለ። «የቅኔ ሰው በቀጥታ እሺ ይላል እንዴ?»

«የሚታይ ነገር የለሽም ማለታቸው ነው» አለች ስንዱ። ከዚያ ወደ ምንይሉ ዞረች። «አንተ ነህ! እንደ ጠዋት ፀሐይ ያልኸው ይኼ ነው?»

 ምንይሉ በሳምንቱ ብቻውን ደብረ ወርቅ ሄደ። ከጠፋ ጀምሮ የየኔታን ደጅ ረግጦ አያውቅም ነበር። የሆነውን ሲመለስ ነው የነገረን።

«መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ፣ የኔታ» አላቸው።

«ማን ከሰሰህ?»

«ስንዱ ፊቷ ይታያል ብላ ነበር። በእኔ ጥፋት እንዳትከለክሏት ብዬ ነው።»

«ያየሁት ነገር ካለ እፈርዳለሁ። ባላየሁት ምን እላለሁ?»

«እንግዲያው ሌላ ቀን ይምጡና ይዩ።»

«ካየሁ እፈርዳለሁ፤ ይሻላታል?» አሉት። ግራ ገብቶት ሊነሣ ሲል አስቀመጡት። «ያ ኮብላይ ልጅ ኋላ ተመለሰ?»

«ጽሑፉ እዚያ ላይ ያልቃል።»

«እናቱ እንዲያ ስትናገር ሰምቶ ካልተመለሰ ደንቆሮ ነው» አሉና ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

ይህንን ቃል በቃል ለስንዱ ነገራት። እሷም ደጋግማ አስነገረችው።

«ፈቀዱ ወይስ አልፈቀዱም?»

«እኔ እንጃ። ሁለት ዓመት ተምሬ አንድም ቀን የሚሉት ገብቶኝ አያውቅም።»

ብዙ ካሰበች በኋላ የራሷን ፍርድ ሰጠች። አባቷ እስካላዩ አይፈርዱም፤ ስለዚህ እንዳያዩ ማድረግ ነው። «አባቴ አዳራሽ ከመጡ አጥፋው፤ ካልመጡ አብራው» ብላ አዘዘችው። ከዚያ ወዲህ ምንይሉ ትዕይንት በጀመርን ቁጥር በመጋረጃው ቀዳዳ ሕዝቡን አንድ በአንድ ያያል። አራት ዓመት የኔታ አልመጡም፤ አራት ዓመት ፊቷን አበራላት።

በ1998 አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ቢቸና አዳራሽ ውስጥ፣ የመጨረሻው ወንበር ላይ ጋቢ እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ ሽማግሌ ተቀመጡ። ምንይሉ በጥቅሻ ጠራኝ።

«የኔታ ናቸው?»

በቀዳዳው አየሁ። ቁመታቸው የእሳቸው ነው፤ አቀማመጣቸው አይደለም። «እንጃ» አልሁት።

ስንዱ ወደ መድረኩ መሐል እየሄደች ነበር። ሲባጎው በእጁ ነው። ቢያበራና እሳቸው ቢሆኑ መድረኩ ይቀርባታል፤ ቢያጠፋና ባይሆኑ ዳግመኛ በጨለማ ይቀብራታል።  ሲባጎውን ሳበው፤ መልሶ ለቀቀው፤ እንደገና ሳበው። የአምፖሉ ሽቦ ብቻ እንደ ፍም ቀልቶ ቀረ። ከስንዱ የሚታየው የነጠላዋ ጠርዝ ነበር።

ሕዝቡ «መብራት! መብራት!» እያለ ማፏጨት ጀመረ። በዚያ ጫጫታ መሐል ከወደ ኋላ አንድ የሽማግሌ ድምፅ ተለይቶ ተሰማ፦

«አብሩት እንጂ! ልጅቱን እንያት!»

ምንይሉ ዞሮ አየኝ። «የእሳቸው ድምፅ ነው?»

«እንጃ፣ ምንይሉ።»

ቆርቆሮውን እስከ ታች ለቀቀው። ስንዱ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ከፈተችና መናገር ጀመረች። ትዕይንቱ አልቆ ስንወጣ የኋላው ወንበር ባዶ ነበር። ከደብረ ወርቅ «ይቅርብሽ» የሚል መልእክት አልመጣም፤ «በርቺ» የሚልም አልመጣም። ክበቡ እስኪፈርስ ድረስ ስንዱ ተጫወተች። ምንይሉ እሳቸው ነበሩ ይላል። ስንዱ አባቴ እንዲያ አይጮኹም ትላለች። ሁለቱም እኔን ምስክር ይጠሩኛል፤ እኔም ለሁለቱም እውነት ነው እላቸዋለሁ።